የፒኤስኪውኤል መነሻ ፋይል ለቡድን ሥራ፦ ረቂቁን ገምግሙልኝ (ፖስትግሬስ 16፣ ሊኑክስና ዊንዶውስ)

ሰብለ_ዳታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቡድን ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችንም ተርሚናል ላይ ፒኤስኪውኤልን (የፖስትግሬስ ዳታቤዝን በትዕዛዝ የምናናግርበትን ፕሮግራም) እንጠቀማለን፤ ግማሹ በሊኑክስ፣ ግማሹ በዊንዶውስ። ሁላችንም ጋ አንድ ዓይነት መነሻ ፋይል (ፒኤስኪውኤል ሲከፈት የሚያነበው የሴቲንግ ፋይል) እንዲኖር ረቂቅ አዘጋጅቻለሁ። ሊኑክስ ላይ ቦታው የተጠቃሚው ሆም ፎልደር ሆኖ ስሙ ነጥብ ፒኤስኪውኤልአርሲ ነው። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ ፖስትግሬስኪውኤል የሚለው ፎልደር ሥር ፒኤስኪውኤልአርሲ ነጥብ ኮንፍ ይባላል።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ፋይሉ ውስጥ ሲገቡ በላቲን ነው፤ በኋላ ጭረት የሚጀምሩት በትንንሽ ፊደል፣ በ\ሴት የሚሞሉት ተለዋዋጮች በትልልቅ ፊደል። ይህን አደራ እላለሁ፤ ፒኤስኪውኤል የተለዋዋጭ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ኳየት የሚለውን በትንሽ ፊደል ብትጽፉት ኤረር አይሰጥም፣ ማንም የማይጠቀምበት አዲስ ተለዋዋጭ ፈጥሮ ዝም ይላል።

\ሴት ኳየት 1
\ፒሴት ነል '∅'
\ኤክስ አውቶ
\ታይሚንግ ኦን
\ሴት ኮምፕ_ኪወርድ_ኬዝ አፐር
\ሴት ሂስትፋይል ~/.ፒኤስኪውኤል_ሂስትሪ- :ዲቢኔም
\ሴት ሂስትኮንትሮል ኢግኖርዱፕስ
\ሴት ኦቶኮሚት ኦፍ
\ሴት ፕሮምፕት1 '%ኤን@%ኤም %/%አር%# '
\አንሴት ኳየት

ሂስትፋይል ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለው ክፍተት ስሕተት አይደለም፤ \ሴት የተሰጡትን ቃላት ያለ ክፍተት ይገጣጥማቸዋል፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ የራሱ ታሪክ ይቀመጣል። ነል (ምንም ዋጋ ያልገባበት) የሚለውን በምልክት ማሳየት የፈለግኩት ባዶ ጽሑፍና ነል ስክሪን ላይ አንድ ስለሚመስሉ ነው።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ኦቶኮሚትን (እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወዲያው የሚያጸድቀውን ሴቲንግ) ማጥፋት ትክክል ነው? ፓስወርድ የት ይቀመጥ? ሦስተኛው ደግሞ ዊንዶውስ ላይ በፋይል የምናስገባው የአማርኛ ስም አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ ኤረር ይሰጣል፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ያሉ ስሞች እንዲህ ሲለያዩ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ሦስት_ነጥብ፦

ሰብለ፣ ከጥያቄዎችሽ በፊት ፕሮምፕቱ (ፒኤስኪውኤል ትዕዛዝ ሲጠብቅ የሚያሳየው ምልክት) ላይ ላንሳ፤ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው መስመር እሱ ነውና። ሁለት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ %ኤክስ። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትዕዛዞች) ካልተከፈተ ምንም አያሳይም፣ ከተከፈተ * ያሳያል፣ ትራንዛክሽኑ በኤረር ከወደቀ ! ያሳያል። ኦቶኮሚት አጥፍተሽ %ኤክስን ካላስገባሽ ኮሚት ያልተደረገ (ያልጸደቀ) ሥራ እንዳለሽ የሚነግርሽ የለም። \ኪው ብለሽ ስትወጪም ፒኤስኪውኤል አይጠይቅም፤ ኮኔክሽኑ ይዘጋል፣ ሰርቨሩ ሥራውን ይመልሰዋል።

ሁለተኛ %>፣ ማለትም ፖርቱ። በኤስኤስኤች ዋሻ (በሌላ ማሽን አድርጎ በሚያልፍ የተመሰጠረ መስመር) በኩል ለሚገባ ሰው %ኤም (የሰርቨሩ ስም) ሁልጊዜ ሎካልሆስት ነው የሚለው፤ የሙከራውም የዋናውም ሰርቨር ስም አንድ ይሆናል። 5433 እና 5434 ብቻ ናቸው የሚለዩት።

\ሴት ፕሮምፕት1 '%ኤን@%ኤም:%> %/%አር%ኤክስ%# '

ለዋናው ዳታቤዝ ቀይ ቀለም ማድረግ ይቻላል። መነሻ ፋይሉ የሚነበበው ኮኔክሽኑ ከተከፈተ በኋላ ስለሆነ ጥያቄ መላክ ይችላል፦ የዳታቤዙን ስም በሰሌክት አወዳድረሽ ውጤቱን በ\ጂሴት ተለዋዋጭ ውስጥ ታስገቢያለሽ፣ ከዚያ በ\ኢፍ ቀዩን ፕሮምፕት ትመርጫለሽ። \ኢፍ ከስሪት 10 ጀምሮ አለ፤ ራሱ ጽሑፍ ከጽሑፍ አያወዳድርም፣ እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ስለዚህ ነው ማወዳደሩን ለሰርቨሩ የምንሰጠው። የቀለም ኮዱን በ%[ እና በ%] መሃል ማስገባት ግዴታ ነው። ካልሆነ ሪድላይን (የምትተይቢውን መስመር የሚያስተናግደው ላይብረሪ) ኮዱን እንደሚታይ ፊደል ይቆጥረውና ረጅም ትዕዛዝ ስትጽፊ መስመሩ ዞሮ በራሱ ላይ ይጻፋል።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ፦ በ\ሲ ወደ ሌላ ዳታቤዝ ብትሻገሪ መነሻ ፋይሉ እንደገና አይነበብም። ከሙከራው ተነሥተሽ ወደ ዋናው ብትገቢ ፕሮምፕቱ ቀይ ሳይሆን ይቀራል። የዳታቤዙ ስምና ፖርቱ ግን ወዲያው ይቀየራሉ። ቀለሙን የምታምኚ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰርቨር ፒኤስኪውኤልን አዲስ ክፈቺ።

ጋሽ_ቋት፦

ኦቶኮሚትን አታጥፊ ልጄ። ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ።

ሲጠፋ፣ ተራ ሰሌክት እንኳ ትራንዛክሽን ይከፍታል። ውጤቱን አይተሽ ተርሚናሉን ክፍት ትተሽ ምሳ ብትሄጂ፣ ያነበብሽው ቴብል ላይ ያለው ቀላል የንባብ ቁልፍ ተይዞ ይቆያል። ሌላ ሰው በዚያ ሰዓት ያንን ቴብል ኦልተር ቢያደርግ ያንቺን ቁልፍ ይጠብቃል፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ሰሌክቶች ሁሉ ደግሞ ከእሱ ኋላ ይሰለፋሉ። አፕሊኬሽኑ በሙሉ ቆመ ማለት ነው፣ በአንድ ተራ ሰሌክት። አንድ ረድፍ ጽፈሽ ከነበረ ደግሞ ትራንዛክሽኑ እስኪዘጋ ቫክዩም ከዚያ ወዲህ የሞቱትን ረድፎች ማጽዳት አይችልም።

ሌላም አለ። ክሪኤት ዳታቤዝና ቫክዩም በትራንዛክሽን ውስጥ አይሠሩም። ፒኤስኪውኤል ለእነሱ ሲል በራሱ ቢጊን አይልክም፤ ነገር ግን ቀደም ብሎ ሰሌክት ካደረግሽ ትራንዛክሽኑ ተከፍቷልና ኤረር ይመጣል። መጀመሪያ ኮሚት ማለት ሊኖርብሽ ነው።

ሰብለ_ዳታ፦

ጋሼ፣ የቁልፉን ነገር ተቀብያለሁ። የኔ ሐሳብ ግን ያለ ዌር (የትኞቹ ረድፎች እንደሆኑ ሳይነገር) የተላከ ዲሊት ነው። ኦቶኮሚት በርቶ ኢንተር ከተነካ መመለሻ የለውም፤ ጠፍቶ ከሆነ ሮልባክ ይደረጋል (ይመለሳል)። ይህን በምን እንተካው?

ጋሽ_ቋት፦

ዋና ሰርቨር ላይ ንባብን መነሻ አድርጊው። ዲፎልት_ትራንዛክሽን_ሪድ_ኦንሊ ኦን ከሆነ ማንኛውም ዲሊት ወይም አፕዴት ትራንዛክሽኑ የንባብ ብቻ ነው ተብሎ ይመለሳል። መጻፍ የፈለገ ሰው ቢጊን ሪድ ራይት ብሎ ጽፎ ነው የሚጀምረው፤ ዲሊቱን ያደርጋል፣ ስንት ረድፍ እንደነካ ያያል፣ ከዚያ ኮሚት ወይም ሮልባክ። ያንቺ ሐሳብ ሳይጠፋ ተራው ሰሌክት ነፃ ይሆናል።

ይህ ግን አጥር እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ማንም በሴት ሊያነሣው ይችላል። እውነተኛው ቁልፍ የሮሉ (የዳታቤዝ ተጠቃሚው) ፈቃድ ነው። ለአንባቢዎች የተለየ ሮል ፈጥረሽ ከስሪት 14 ጀምሮ ያለውን ፒጂ_ሪድ_ኦል_ዳታ ስጪው፤ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሮል ለብቻው ይሁን።

ቢጊን ብሎ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ጨምሪ፦

\ሴት ኦን_ኤረር_ሮልባክ ኢንተርአክቲቭ

ይህ ከሌለ በትራንዛክሽን መሃል አንድ ፊደል ብትሳሳቺ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ትራንዛክሽኑ ተቋርጧል እየተባለ ይመለስብሻል። ይህ ሲኖር ፒኤስኪውኤል ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ በፊት ሴቭፖይንት (መመለሻ ነጥብ) ያኖራል፣ ስሕተት ሲመጣ ወደዚያ ብቻ ይመለሳል። ኢንተርአክቲቭ በሚለው ፈንታ ኦን አትበይው። ኦን ከሆነ ስክሪፕት ውስጥም ይሠራል፦ የመሃሉ ትዕዛዝ ወድቆ ቀሪው ይቀጥላል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኮሚት ግማሹን ሥራ ያጸድቃል።

መቁጠሪያ፦

ጋሽ ቋት ያሉትን የንባብ ሴቲንግ የት እንደምታስገቢው ወሳኝ ነው። መነሻ ፋይሉ ውስጥ በሴት ብታስገቢው ኢንተርኔት እስኪቆራረጥ ብቻ ነው የሚሠራው። መስመሩ ሲበጠስ ፒኤስኪውኤል ግንኙነቱ ጠፍቷል ብሎ ወዲያው እንደገና ይሞክራል፣ ተሳካ ይላል፣ ፕሮምፕቱም ይመለሳል። ይህ ግን አዲስ ሴሽን ነው። መነሻ ፋይሉ አልተነበበም፣ በሴት የገባው ሁሉ ጠፍቷል፤ የንባብ አጥሩም፣ ትራንዛክሽን ከፍቶ ዝም ለሚል ሰው የሚደረገው የጊዜ ገደብም የሉም። የተከፈተ ትራንዛክሽን ከነበረም ተመልሷል።

ስለዚህ ጥበቃ የሚባል ነገር በሙሉ ኮኔክሽኑ መለኪያዎች ውስጥ ይግባ፤ እነሱ በድጋሚ ሲገናኝም አብረው ይላካሉ። ቦታው ሰርቪስ ፋይል ነው፦ ሊኑክስ ላይ ሆም ፎልደር ውስጥ ነጥብ ፒጂ_ሰርቪስ ነጥብ ኮንፍ።

[ዋና]
ሆስት=ዲቢ1
ፖርት=5432
ዲቢኔም=ሽያጭ
ዩዘር=አንባቢ
ኤስኤስኤልሞድ=ቬሪፋይ-ፉል
ኮኔክት_ታይምአውት=10
ኪፕአላይቭስ_አይድል=60
ኪፕአላይቭስ_ኢንተርቫል=10
ኪፕአላይቭስ_ካውንት=5
ኦፕሽንስ=-ሲ ዲፎልት_ትራንዛክሽን_ሪድ_ኦንሊ=ኦን -ሲ አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት=10ሚን

መግቢያው እንግዲህ ፒኤስኪውኤል ሰርቪስ=ዋና ብቻ ይሆናል። በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አትተዉ፤ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያለ ክፍተት የስሙ አካል ሆኖ ይነበብና የሰርቪስ ፋይሉ አጻጻፍ ስሕተት አለው ይላል። ኮኔክት_ታይምአውት ካልተሰጠ ሊብፒኪው (ፒኤስኪውኤል ለግንኙነት የሚጠቀምበት ላይብረሪ) ራሱ ገደብ የለውም፤ ሰርቨሩ ካልመለሰ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እስኪሰለች ትጠብቃላችሁ።

የኪፕአላይቭ ቁጥሮቹ (መስመሩ አለመሞቱን የሚፈትኑት) ለምን እንደሚያስፈልጉ፦ ሊኑክስ ላይ መነሻው 7200 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ሰዓት። በመሃል ያለ ራውተር ወይም ፋየርዎል ዝም ያለን ኮኔክሽን ከዚያ ቀድሞ ይረሳዋል፤ ቀጥሎ የምትልኩት ትዕዛዝ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች በየ60 ሰከንዱ ዝምታ አንድ ፓኬት ይላካል፣ መስመሩ ሞቶ ከሆነም በ110 ሰከንድ ገደማ ይታወቃል። ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ቦታ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ከላፕቶፕ አታስነሡ፤ በኤስኤስኤች ገብታችሁ ሰርቨሩ አጠገብ ባለ ማሽን ላይ በቲመክስ (መስመር ቢቋረጥም ተርሚናሉን ክፍት በሚያቆየው ፕሮግራም) ውስጥ አስኪዱት። ያኔ የእናንተ መስመር ቢበጠስ ሥራው አይነካም።

ቬሪፋይ-ፉል የሰርቲፊኬት ፋይሉን ሊኑክስ ላይ ነጥብ ፖስትግሬስኪውኤል በሚባለው ፎልደር ውስጥ ሩት ነጥብ ሲአርቲ በሚል ስም ይፈልጋል፤ ከሌለ አይገናኝም። የኤስኤስኤልሞድ መነሻ ፕሪፈር ነው፤ እሱ ሰርቨሩ ማን እንደሆነ አያጣራም፣ ምስጠራ ካልተገኘም ያለ ምስጠራ ይቀጥላል። በሕዝብ ኢንተርኔት ለሚያልፍ ግንኙነት በቂ አይደለም።

ፓስወርዱን በአጭሩ፦ ነጥብ ፒጂፓስ ፋይል፣ በአንድ መስመር አምስት ነገር በሁለት ነጥብ ተለያይቶ፦ ሆስት፣ ፖርት፣ ዳታቤዝ፣ ዩዘር፣ ፓስወርድ። ከላይ ወደታች ይነበባል፣ መጀመሪያ የገጠመው ይወሰዳል፣ ስለዚህ * ያለበት መስመር ከታች ይሁን። ፓስወርዱ ውስጥ : ወይም \ ካለ ከፊቱ \ ይጨመራል። ሊኑክስ ላይ ፈቃዱ ከ0600 የላላ ከሆነ ፋይሉ ጭራሽ አይነበብም፤ ማስጠንቀቂያ ያሳይና ፓስወርድ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ አፕዳታ ውስጥ ፖስትግሬስኪውኤል ፎልደር ሥር ፒጂፓስ ነጥብ ኮንፍ ነው፣ ፈቃዱ አይመረመርም። ፓስወርድን በኮኔክሽን ጽሑፍ ውስጥ ትዕዛዝ መስመር ላይ መጻፍ ግን ፍጹም ይቅር፤ በዚያ ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ በፒኤስ ዝርዝር ሊያየው ይችላል።

የመስኮት_ሰው፦

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልምጣ። ሰብለ፣ ኤረሩ በዊን1252 ውስጥ 0ኤክስ9ዲ የሚል ባይት በዩቲኤፍ8 አቻ የለውም የሚል ነው አይደል? ወይም 0ኤክስ8ዲ፣ ወይም 0ኤክስ90?

ሰብለ_ዳታ፦

አዎ፣ ሦስቱንም አይተናል። ዳታቤዙ ግን ዩቲኤፍ8 ነው፣ ፋይሉም ዩቲኤፍ8 ሆኖ ነው የተቀመጠው።

የመስኮት_ሰው፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩ በመሃል ያለው ፒኤስኪውኤል ነው። ግቤቱና ውጤቱ ሁለቱም ተርሚናል ሲሆኑ ኢንኮዲንጉን (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበትን ሥርዓት) ከማሽኑ ቋንቋ ሴቲንግ ላይ ይገምታል፤ በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ግምቱ ዊን1252 ይሆናል። ከዚያ በኤፍ አማራጭ ወይም በ\አይ የሰጠሽውን ፋይል በዚያ ዓይን ያነበዋል።

ስሞቹ ለምን እንደሚለያዩ ከባይቶቹ ይታያል። በዩቲኤፍ8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ ኢ1። ሰ ኢ1 88 ቢ0 ነው፣ ላ ኢ1 88 8ቢ፣ ም ደግሞ ኢ1 88 9ዲ። ዊን1252 ውስጥ አምስት ቦታዎች ባዶ ናቸው፦ 81፣ 8ዲ፣ 8ኤፍ፣ 90 እና 9ዲ። ስለዚህ ም ያለበት ስም 9ዲ ላይ ይወድቃል። ኝ እና ዝም እንዲሁ በ9ዲ ያልቃሉ። ነ፣ ሐ እና ዐ በ90፣ ል እና ግ በ8ዲ፣ ሁ እና ቁ በ81 ያልቃሉ። ፀ፣ ፈ፣ ፐ ከነዘሮቻቸው፣ እንዲሁም ፡ ። ፣ ፤ በሙሉ መካከለኛው ባይታቸው 8ዲ ስለሆነ ምንጊዜም ይወድቃሉ። ከአምስቱ ባይቶች አንዱ የሌለበት ስም ሳይቆም ይገባል፤ ግን ትክክል ሆኖ አይደለም። እያንዳንዱ ባይት ለየብቻው እንደ አንድ የላቲን ፊደል ተቆጥሮ ነው የተቀመጠው። ኤረር የሰጡሽ ስሞች ደኅና ናቸው፣ አልገቡምና። ማየት ያለብሽ ገቡ ያልሻቸውን ነው።

መፍትሔው የአካባቢ ተለዋዋጩን ማስተካከል ነው፦ ፒጂክላየንትኢንኮዲንግ=ዩቲኤፍ8። በሴትኤክስ አንዴ ካስገባሽው ለዘለቄታው ይቆያል፣ አዲስ የሚከፈት መስኮት ሁሉ ያየዋል። መነሻ ፋይሉ ውስጥ \ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8 ማለትም ይሠራል፤ ነገር ግን መቁጠሪያ እንዳለው መስመሩ ተበጥሶ ሲመለስ ይጠፋል። ስለዚህ የአካባቢ ተለዋዋጩ ይሻላል።

ለኮንሶሉ ደግሞ ሲኤችሲፒ 65001። ይህ የሚታየውን ያስተካክላል፤ የሚተየበው ሌላ ነገር ነው። በቆዩ የዊንዶውስ ኮንሶሎች 65001 ላይ ሆነሽ የምትተይቢው የአማርኛ ፊደል ለፕሮግራሙ ባዶ ሆኖ ይደርሳል። እዚያ ማሽን ላይ አማርኛ ያለበትን ትዕዛዝ ፋይል ውስጥ ጽፎ በ\አይ ማስነሣት ወይም በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያስኬደው) ውስጥ የሊኑክሱን ፒኤስኪውኤል መጠቀም ነው የሚያዛልቀው።

ሁሉም ነገር መስመር መያዙን የሚያረጋግጥ አንድ ሙከራ፦

ሰሌክት ሌንግዝ('ሰላም');

3 ካለ ደኅና ነው። 9 ካለ ሰርቨሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ ፊደል እየቆጠረ ነው፤ ወይ ክላየንቱ ላቲን1 ነኝ ብሏል፣ ወይ ዳታቤዙ በኤስኪውኤል_አስኪ የተፈጠረ ነው። ኤረር ከሰጠ ዊን1252 ላይ ናችሁ።

ተሳስተው የገቡትን መመለስ ይቻላል፣ ባይቶቹ አልጠፉምና። የተበላሸ ፊደል ሁሉ ኢ1 በሚለው ባይት ስለሚጀምር እነሱን በሲኤችአር(225) ማግኘት ይቻላል፦

ቢጊን;
አፕዴት ደንበኞች ሴት ስም = ኮንቨርት_ፍሮም(ኮንቨርት_ቱ(ስም, 'ዊን1252'), 'ዩቲኤፍ8')
ዌር ፖዚሽን(ሲኤችአር(225) ኢን ስም) > 0;

ኮሚት ከማለታችሁ በፊት ጥቂቱን በሰሌክት እዩ። ስፓኒሽ ስም የሚቀመጥበት ቴብል ከሆነ ያ ፊደል በትክክልም ሊኖር ስለሚችል ሁኔታውን አጥብቡት። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የገባው ግን አይመለስም፤ ዋናው ባይት የለም። ይህ የሚመጣው በዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 ጽሑፍን በቧንቧ ምልክቱ ወደ ፒኤስኪውኤል ስትልኩ ነው፤ መነሻው አስኪ ስለሆነ ግዕዙን ሁሉ በ? ይተካዋል። በዚያው ፓወርሼል በ> ወደ ፋይል ማውጣትም ዩቲኤፍ16 ፋይል ይፈጥራል፤ ፒጂ_ደምፕን እንዲህ ያወጣ ሰው በኋላ መልሶ ሊጭነው ሲል ኤረር ይገጥመዋል። በ> ፈንታ የፒጂ_ደምፕን ኤፍ፣ የፒኤስኪውኤልን ኦ አማራጭ ተጠቀሙ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦

የመስኮት_ሰው እጅግ ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። ከኪቦርድ የሚመጡ ችግሮችን ልጨምር፤ በአማርኛ ኪቦርድ ለምንሠራ ሰዎች ብቻ የሚመጡ ናቸውና ሌላ ቦታ ተጽፈው አይገኙም።

ትዕዛዝ የሚዘጋው በላቲኑ ; ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሆኖ ፤ ከገባ ፒኤስኪውኤል ትዕዛዙ አላለቀም ብሎ ይጠብቃል፤ ፕሮምፕቱ ላይ የነበረው = ወደ - ይቀየራል። ያኔ \አር ብሎ የተጻፈውን መጣል እንጂ ; መጨመር መፍትሔ አይደለም፣ ምክንያቱም ፖስትግሬስ ከአስኪ ውጭ ያለን ማንኛውንም ባይት እንደ ስም ፊደል ነው የሚቆጥረው። ደንበኞች፤ ተያይዞ ከተጻፈ ደንበኞች፤ የሚባል ቴብል የለም ይላል። ክፍተት ካለው ደግሞ ይብሳል፦ ከፍሮም ደንበኞች ቀጥሎ ለብቻው የቆመ ፤ የቴብሉ ቅጽል ስም ሆኖ ይወሰዳል፣ ጥያቄውም ያለ ቅሬታ ውጤት ይሰጣል። ከዌር በኋላ ከመጣ ግን የአጻጻፍ ስሕተት ነው። ሁለት ነጥቡ ፡ እና ከጽሑፍ ማቀናበሪያ የሚቀዱት የተጣመሙ ጥቅሶችም በዚሁ ሕግ ስም ይሆናሉ፤ እንዲህ የሚል ኮለም የለም የሚለው ኤረር ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኮድ በመልእክት መተግበሪያ ስትለዋወጡ እንደ ፋይል ላኩት፤ አንዳንዱ መተግበሪያ ሁለቱን የኮሜንት ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይራቸዋል።

የስም ርዝመትም አለ። ፖስትግሬስ ለቴብልና ለኮለም ስም 63 ባይት ነው የሚፈቅደው። የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ 21 ፊደል ማለት ነው። ከዚያ ያለፈውን ኖቲስ ሰጥቶ ይቆርጠዋል እንጂ አይከለክልም፤ መነሻ ፋይላችሁ ውስጥ ክላየንት_ሚን_ሜሴጅስን ወደ ዋርኒንግ ያወጣችሁ ከሆነ ኖቲሱን አታዩትም። በቫርቻር(20) ያለው ቁጥር ግን ፊደል ነው እንጂ ባይት አይደለም፣ እዚያ ስጋት የለም።

ገጽ ማሳያው ሌስ ፊደሉን ትቶ <ኢ1><88><9ዲ> የመሰለ ነገር ካሳየ የማሽኑ ሎኬል (የቋንቋ ሴቲንግ) ዩቲኤፍ8 አይደለም ማለት ነው፤ ሎኬሉን ማስተካከል ካልተቻለ ሌስቻርሴት=ዩቲኤፍ-8 ይበቃል። ሰፊ ቴብል ለማየት ፒኤስኪውኤል_ፔጀርን ሌስ -ኤስ አድርጉት (በትልቁ ኤስ)፤ መስመር ሳይጠቀለል በቀስት ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ተለዋዋጭ ከስሪት 11 ጀምሮ ነው፣ ከዚያ በፊት ፔጀር የሚለው ብቻ ነበር።

ስለ ፎንት፦ ፒኤስኪውኤል የግዕዝ ፊደልን አንድ ቦታ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ፊደሎቻችን ግን ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ብዙ ተርሚናል ላይ ይደራረባሉ ወይም ጎናቸው ይቆረጣል። ይህ የዳታ ችግር አይደለም። ዊንዶውስ ተርሚናል ፎንቱ ውስጥ ፊደሉ ከሌለ ከኢብሪማ ያመጣል፤ ሊኑክስ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ጫኑ። ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን ረድፍ ለማንበብ በ; ፈንታ \ጂኤክስ ብሎ መዝጋት ከሁሉ ይቀላል፤ ለዚያ ጥያቄ ብቻ ወደ ቁልቁል ይዘረዝረዋል።

ቁልፍ_21፦

ማይኤስኪውኤል የምትጠቀሙ ብትኖሩ ተመሳሳዩ ፋይል ነጥብ ማይ ነጥብ ሲኤንኤፍ ነው፤ [ማይኤስኪውኤል] በሚለው ክፍል ውስጥ ዲፎልት-ካራክተር-ሴት=ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እና ሴፍ-አፕዴትስ አስገቡ። ሁለተኛው ሰብለ የጠየቀችውን በቀጥታ ይመልሳል፦ በዌር ውስጥ ቁልፍም ያልተጠቀሰበትን፣ ሊሚትም የሌለውን አፕዴትና ዲሊት ይመልሳል። ሰሌክትንም 1000 ረድፍ ላይ ስለሚገድብ ለሪፖርት ስትጠቀሙ ውጤቱ ሙሉ እንዳይመስላችሁ። አማርኛ በ3 ባይቱ ዩቲኤፍ8ም ይገባል፤ በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጌ ፊደላት ግን 4 ባይት ናቸውና ኤምቢ4ን ይፈልጋሉ።

ሰብለ_ዳታ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኦቶኮሚት ወጣ፣ የንባብ አጥሩና የጊዜ ገደቡ ወደ ሰርቪስ ፋይሉ ሄዱ። የተሻሻለው ይህ ነው፦

\ሴት ኳየት 1
\ፒሴት ነል '∅'
\ኤክስ አውቶ
\ታይሚንግ ኦን
\ሴት ኮምፕ_ኪወርድ_ኬዝ አፐር
\ሴት ሂስትፋይል ~/.ፒኤስኪውኤል_ሂስትሪ- :ዲቢኔም
\ሴት ሂስትሳይዝ 5000
\ሴት ሂስትኮንትሮል ኢግኖርቦዝ
\ሴት ኦን_ኤረር_ሮልባክ ኢንተርአክቲቭ
\ሴት ፕሮምፕት1 '%ኤን@%ኤም:%> %/%አር%ኤክስ%# '
\አንሴት ኳየት

ሂስትሳይዝ ካልተሰጠ 500 ነው፣ ለእኛ ያንሳል። አንድ የቀረ ጥያቄ፦ ሌሊት በክሮን (ሥራን በተመደበለት ሰዓት በሚያስነሣው ፕሮግራም) የሚሄዱ ስክሪፕቶች አሉን። ይህ ፋይል እነሱን ይነካል?

መቁጠሪያ፦

ይነካል። በኤፍም በሲም ብታስነሺው መነሻ ፋይሉ ይነበባል፤ ሲ የሚለው አማራጭ ከስሪት 9.6 በፊት ፋይሉን ይዘል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አይዘልም። የታይሚንግ መስመር ከውጤቱ ጋር ተደባልቆ ይወጣል፣ ነል የነበረበት ∅ ሆኖ ፋይል ውስጥ ይጻፋል፣ ያንን ፋይል የሚያነብ ሌላ ፕሮግራም ደግሞ ይሰናከላል። ለስክሪፕት ሁልጊዜ፦

ፒኤስኪውኤል -ኤክስ -ቪ ኦን_ኤረር_ስቶፕ=1 -1 -ኤፍ ሥራ.ኤስኪውኤል ሰርቪስ=ጸሐፊ

ትልቁ ኤክስ መነሻ ፋይሉን ያዘልላል። ኦን_ኤረር_ስቶፕ ከሌለ ፒኤስኪውኤል ኤረር ቢገጥመውም እስከ መጨረሻ ሄዶ በ0 ይወጣል፤ ክሮን ሁሉም ተሳክቷል ብሎ ያስባል። ሲኖር በ3 ይወጣል፣ ኮኔክሽን ከጠፋ በ2። አንድ ቁጥሯ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ትጠቀልላለች። ክሮን ውስጥ ተርሚናል ስለሌለ የኢንኮዲንግ ግምቱም አይካሄድም፤ የዳታቤዙ ኢንኮዲንግ ይወሰዳል። ያንቺ ዩቲኤፍ8 ስለሆነ ይስማማል፣ ቢሆንም ፒጂክላየንትኢንኮዲንግን ስክሪፕቱ ራስ ላይ ጻፊው።

ሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል) አውጥታችሁ በኤክሴል የምትከፍቱ ከሆነ ሌላ ነጥብ አለ። \ኮፒ የሚያወጣው ፋይል ቦም የሚባሉት ሦስት መነሻ ባይቶች የሉትም፤ ኤክሴል ያለ እነሱ ዩቲኤፍ8 መሆኑን ስለማያውቅ አማርኛውን ያበላሽበታል። ኢኤፍ ቢቢ ቢኤፍ የሚሉትን ባይቶች መጀመሪያ ወደ ፋይሉ ጽፋችሁ ውጤቱን ከኋላው ጨምሩ። ከኤክሴል ወደ ዳታቤዝ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው መነሣት አለባቸው፤ \ኮፒ አይዘላቸውም፣ የመጀመሪያው ኮለም ርዕስ ወይም ዋጋ ላይ ተጣብቀው ይገባሉ።

ጋሽ_ቋት፦

ልጄ፣ የታሪክ ፋይሉን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሪ። ኢግኖርቦዝ ማድረግሽ መልካም ነው፤ በክፍተት የጀመረ መስመር ታሪክ ውስጥ አይገባም። የሮል ፓስወርድ ስትቀይሩ ግን በክፍተት አትተማመኑ፦ ኦልተር ሮል ብላችሁ ፓስወርዱን በግልጽ ከጻፋችሁ ክላየንቱ ባያስቀምጠውም የሰርቨሩ ሎግ ሊያስቀምጠው ይችላል። \ፓስወርድ የሚለውን ተጠቀሙ። ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፣ ስክሪን ላይ አያሳይም፣ ምስጠራውንም ክላየንቱ ላይ ሠርቶ ውጤቱን ብቻ ነው ወደ ሰርቨሩ የሚልከው። ከዚያ ነጥብ ፒጂፓስ ውስጥ ያለውን መስመር በዚያው ሰዓት አድሱ፤ አለዚያ የሌሊቱ ስክሪፕት በአሮጌው ፓስወርድ ሊገባ ሞክሮ ይመለሳል።